የነገረ ፈጁና የዳኛው የቶማስ ሞር ታሪክ

በዚህ የደብራችን የኢዮቤልዩ በዓል መታሰቢያ መጽሐፍ ውስጥ ቤተ ክርስቲያኑን የተከሉና ያገለገሉ አባቶች ታሪክ በሌሎች ጸሐፊዎች ተጽፏል። እኔ ግን በፍርድ ወምበር ተቀምጦ የፈረደ፥ በመጨረሻም በፍርድ ወምበር ፊት ቆሞ የተፈረደበት የአንድ ሰው ታሪክ ለመጻፍ ወደድሁ። ይህንንም የመረጥሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙና በዛፉ ጥላ ሥር ባልና ሚስት፥ ወንድምና ወንድም፥ ጎረቤትና ጎረቤት ነገራቸውን ይዘው ወደ ካህናትና ወደ ሽማግሎች ሲቀርቡ ሁልጊዜ እናያለን። እንግዲህ ካባ ባይደረብላችሁ፥ የሹመት ደብዳቤም ባይጻፍላችሁ፥ ብዙዎቻችሁ ዳኞች ናችሁ፤ ስለዚህ የዳኛ ታሪክ ለእናንተ የባዕድ ነገር አይሆንም።

ሰውየው ቶማስ ሞር ይባላል። አገሩ እንግሊዝ፥ ዘመኑም በእኛ አገር ዐፄ እስክንድር፥ ዐፄ ናዖድና ዐፄ ልብነ ድንግል የነገሡበት ዘመን ነው። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁና አንባቢ ይህን ያስተውል። ስለ እርሱ ከምናውቀው ብዙውን የጻፈው የታላቂቱ ልጁ የማርጋሬት ባል ዊልያም ሮፐር ነው፤ እርሱም ራሱ የሕግ ሰው ነበረና በአማቱ ቤት ሲኖር ያየውንና የሰማውን ብዙ ሳያስጌጥ ጽፎ ትቶልናል።

ቶማስ በ1478 ዓ.ም. በሎንዶን ከተማ ተወለደ። አባቱ ጆን ሞር በነገረ ፈጅነት የሚኖር፥ ኋላም በንጉሡ ችሎት ዳኛ ለመሆን የበቃ ሰው ነበረ። ልጁ በቅዱስ እንጦንስ ስም በሚጠራው ትምህርት ቤት የላቲን ቋንቋ ከተማረ በኋላ፥ ዐሥራ ሁለት ዓመት ያህል ሲሆነው የካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስ በነበረው በጆን ሞርተን ቤት አድሮ እንዲያገለግል ተሰጠ። በእኛም አገር የጨዋ ልጅ በሊቅ ወይም በመኰንን ቤት አድሮ፥ እጅ እያስታጠበና ማዕድ እያቀረበ ሥርዐት ይማር እንደ ነበረ ይታወቃል። ሞርተን ሊቀ ጳጳስ ብቻ ሳይሆን ሎርድ ቻንስለር የሚባለው የመንግሥቱ ታላቅ ማኅተም ጠባቂም ስለ ነበረ፥ ብላቴናው ኋላ የሚቀመጥበትን ወምበር ገና በልጅነቱ አየው። በልደት በዓል ተጫዋቾች በዚያ ቤት ሲጫወቱ ቶማስ ሳይዘጋጅ በድንገት ከመካከላቸው ገብቶ የራሱን ቃል እየፈጠረ ከሁሉ ይልቅ ያስቅ ነበረ ይባላል። የቅኔ ቤት ሰው ይህን ሲሰማ በጉባኤ መካከል በድንገት ተነሥቶ የሚዘርፈውን ተማሪ ሳያስብ አይቀርም።

ሊቀ ጳጳሱ የልጁን ብልኀት አይቶ ወደ ኦክስፎርድ ላከው፤ በዚያም ሁለት ዓመት ያህል ተቀመጠ። ዳሩ ግን አባቱ ልጁ የእርሱን ሥራ እንዲወርስ ስለ ፈለገ ወደ ሎንዶን መልሶ ሕግ እንዲማር አደረገው፤ በ1496 ዓ.ም. ሊንከንስ ኢን ወደሚባለው የሕግ ሰዎች ማኅበር ገባ። ስለዚህ ማኅበር ጥቂት ልናገር፤ የእኛን ጉባኤ ቤት ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ፈጥኖ ይገባዋልና። በእንግሊዝ አገር በችሎት ቆሞ ለሰው የሚሟገተው፥ ባሪስተር የሚባለው ነገረ ፈጅ በዚያ ዘመን የአገሩን ሕግ የሚማረው በዩኒቨርሲቲ አልነበረም። ተማሪዎቹ በአንድ ቅጥር ውስጥ ከታላላቆቻቸው ጋራ እየኖሩ፥ በአንድ አዳራሽ እየበሉ፥ በችሎት የሚደረገውን እውነተኛ ሙግት ሄደው እያዳመጡ፥ ተመልሰውም ለመልመጃ በተፈጠረ ነገር ከሁለት ተከፍለው ይከራከሩ ነበረ። አንዱ ያቆመውን ሌላው ያፈርሰዋል፤ መምህሩም ያርማል። ዓመታት አልፈው የተማሪው ብቃት ሲታወቅ ስሙ ተጠርቶ በችሎት ይሟገት ዘንድ ይፈቀድለታል። ቶማስም በ1501 ዓ.ም. ገደማ ይህን ፈቃድ አገኘ።

በዚሁ ወራት ልቡ በሁለት መንገድ መካከል ቆሞ ነበረ። አራት ዓመት ያህል በሎንዶን በካርቱሲያን መነኮሳት ገዳም አጠገብ እየኖረ በጾማቸውና በጸሎታቸው ይተባበር ነበረና፥ ለመመንኰስ አሰበ። ዓለማዊው ኑሮ እንደሚሻለው በቈረጠ ጊዜ ግን በ1505 ዓ.ም. ጄን ኮልት የምትባል የገጠር ጨዋ ልጅ አገባ፤ እርስዋም ሦስት ሴቶችና አንድ ወንድ ወለደችለት። በ1511 ዓ.ም. እርስዋ ስትሞት ሕፃናቱን የምታሳድግለት አሊስ የምትባል ባል የሞተባት ሴት አገባ። ከገዳሙ ይዞት የወጣው ነገር ግን አልተለየውም፤ ከሹመት ልብሱ በታች ከጠጕር የተሠራ ሸካራ ማቅ በስውር ይለብስ ነበረ። ይህንንም ማቅ ከሥጋው ያወለቀው በዕለተ ሞቱ ዋዜማ ነው።

በ1504 ዓ.ም. ገና ጕልማሳ ሳለ ወደ ፓርላማ ተመረጠ። ሮፐር እንደ ጻፈው ንጉሡ ሄንሪ 7ኛ ስለ ሴት ልጁ ጋብቻ ብዙ ገንዘብ ከሕዝቡ በጠየቀ ጊዜ፥ ቶማስ ተነሥቶ ስለ ተከራከረ ንጉሡ የፈለገውን ያህል አላገኘም። ንጉሡም ተቈጥቶ፥ ከልጁ የሚወሰድ ምንም ባለመኖሩ አባቱን በሰበብ አሳስሮ 100 ፓውንድ እስኪከፍል ድረስ አልለቀቀውም። እንግዲህ ቶማስ የንጉሥ ቍጣ ምን እንደሚመስል ያወቀው ከማንም ቀድሞ ነው።

በ1510 ዓ.ም. የሎንዶን ሸሪፍ ምክትል ሆኖ ተሾመ። ይህ ሹመት የከተማውን ሰው ነገር ሰምቶ መፍረድ ነበረ፤ ችሎቱም የሚሰየመው ሐሙስ ሐሙስ ጧት ነው። ወዳጁ ኤራስመስ የሚባለው የሆላንድ ሊቅ በ1519 ዓ.ም. በጻፈው ደብዳቤ፥ በዚያ ወምበር እንደ ቶማስ ብዙ ነገር የቈረጠና በንጹሕ እጅ የፈረደ እንዳልነበረ መስክሮለታል። ተሟጋቾቹ በሥርዐት የሚያስይዙትን ገንዘብ እንኳ ብዙ ጊዜ ይተውላቸው ነበረ። በነገረ ፈጅነቱም ሰው ሊሟገት ወደ እርሱ ሲመጣ በመጀመሪያ ታረቅ ብሎ ይመክረዋል፤ እንቢ ያለውን ደግሞ በትንሽ ወጪ የሚሟገትበትን መንገድ ያሳየዋል። ነገረ ፈጅ የሚኖረው በሰው ጠብ ነውና፥ ይህን ማድረግ የራስን ማሳ እንደ መስጠት ያለ ነው።

የቅኔ ቤት ልጆች የሚወዱትን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ይህ ሰው በሥራው ዳኛ፥ በጠባዩ ግን ባለ ቅኔ ነበረ። በ1516 ዓ.ም. በላቲን ቋንቋ ዩቶፒያ የሚባል መጽሐፍ አሳተመ። መጽሐፉ በሩቅ ባሕር ውስጥ ስላለች ስለ አንዲት ደሴትና ስለ ሕዝብዋ ሥርዐት ይናገራል። የደሴቲቱ ስም ግን በግሪክ ቋንቋ ሲፈታ የትም የሌለ ስፍራ ማለት ነው፤ ወሬውን የሚያወራው መንገደኛም ስሙ ሲመረመር የከንቱ ነገር ተናጋሪ ማለት ሆኖ ይገኛል። ሰሙ የመንገድ ወሬ ነው፤ ወርቁ ግን የገዛ አገሩ ወቀሳ ነው። በዚያ ዘመን በእንግሊዝ አገር ሌባ በስቅላት ይቀጣ ነበረ። መጽሐፉ ግን የሚበላ ያጣን ድኻ ሰርቀሃል ብሎ መስቀል ፍርድ እንዳይደለ፥ ሌባና ነፍሰ ገዳይ በአንድ ቅጣት ከተቀጡም ሌባው ምስክር እንዳይኖርበት ሁሉን እንደሚገድል ያስረዳል። ከሁሉ የሚያስቀው ደግሞ በዚያች ደሴት ሕጉ ጥቂት ስለ ሆነ ነገረ ፈጅ የሚባል ሰው ከቶ አይገኝም፤ እያንዳንዱ ነገሩን ለዳኛው ራሱ ይናገራል። ነገረ ፈጅ የነገረ ፈጅ ልጅ ይህን መጻፉ ነው። ኤራስመስም በበኩሉ ስለ ስንፍና የጻፈውን መጽሐፍ በቶማስ ቤት ሳለ አዘጋጅቶ ለእርሱ ሲያበረክት፥ ሞር የሚለው ስም በግሪክ ቋንቋ ሰነፍ ከሚለው ቃል ጋራ ስለሚገጥም በስሙ ተጫውቶበታል። ይህ እኛ ኅብር የምንለው ነው።

በ1518 ዓ.ም. የንጉሡ የሄንሪ 8ኛ አማካሪ፥ በ1521 ዓ.ም. ሰር የሚባል ባለ ማዕርግ፥ በ1523 ዓ.ም. የፓርላማው አፈ ጉባኤ ሆነ። አፈ ጉባኤ በሆነ ጊዜም የመከሩት ሰዎች በተናገሩት ቃል ከንጉሡ ቍጣ እንዳያገኛቸው ፈቃድ ለመነ። በሎንዶን ዳር ቼልሲ በሚባል ስፍራ በወንዙ አጠገብ ቤት ሠራ፤ በዚያም ሴቶች ልጆቹን ልክ እንደ ወንድ ላቲንና ግሪክ ያስተምራቸው ነበረ። ይህ በዚያ ዘመን እንግዳ ነገር ነው፤ ማርጋሬትም በዕውቀትዋ በሊቃውንት ዘንድ ስምዋ ተጠራ። ንጉሡ ሳይጠራ እየመጣ ምሳ ይበላ፥ በአትክልቱም ውስጥ ክንዱን በቶማስ አንገት ላይ ጥሎ ይመላለስ ነበረ። ሮፐር ይህን አይቶ ደስ ብሎት ነበረ። ቶማስ ግን በእርሱ ራስ አንድ የፈረንሳይ አምባ የሚገኝ ቢሆን ንጉሡ እንደማይሳሳለት በቀስታ ነገረው።

በጥቅምት ወር 1529 ዓ.ም. ካርዲናል ዎልሲ ከሹመቱ ሲወርድ ቶማስ ሎርድ ቻንስለር ሆነ። ይህ ሹመት በእኛ አገር ልማድ የጸሐፌ ትእዛዙንና የአፈ ንጉሡን ሥራ በአንድ ሰው ላይ እንደ መደረብ ነው። ብዙ ጊዜ ከጳጳሳት ወገን ይሾምበት የነበረውን ወምበር አንድ የሕግ ሰው ያዘው። የቻንስለሩ ችሎት የርትዕ ችሎት ነበረ፤ ይኸውም የአገሩ ሕግ በፊደሉ ሲጠብቅ ወይም ለተበደለው መንገድ ሲያጣለት፥ ሰው ወደዚያ ሄዶ እንደ ኅሊና እንዲፈረድለት ይለምናል ማለት ነው። ቶማስ ከሰዓት በኋላ በገዛ ቤቱ አዳራሽ ደጁን ከፍቶ ይቀመጥ ነበረ፤ ጉዳይ ያለውም ድኻ ሆነ ባለጠጋ ያለ ደጅ ጠባቂ ገብቶ ነገሩን ይነግረዋል። የአቤቱታው ደብዳቤ በእርሱ ካልተነበበና ካልተፈረመ በቀር ማንንም በመጥሪያ አያስጠራም ነበረ፤ በከንቱ ክስ ሰው እንዳይጕላላ ነው።

ሌሎቹ ዳኞች እርሱ ፍርዳችንን በእግድ ያቆምብናል ብለው አጕረመረሙ። ቶማስ ይህን በሰማ ጊዜ እግዶቹን ሁሉ በመዝገብ አስጽፎ፥ ዳኞቹን ምሳ ጠርቶ፥ ከምሳ በኋላ አንድ በአንድ እያነበበ ምክንያቱን አስረዳቸው። እነርሱም እኛም ብንሆን ከዚህ ሌላ ባላደረግን ነበረ ብለው አመኑ። ከዚህ በኋላ እነርሱ ራሳቸው የሕጉን ጥብቀት በኅሊናቸው ቢያላሉ እርሱ እግድ መጻፍ እንደሚተው ነገራቸው፤ እነርሱ ግን ይህን እሺ አላሉም። ሮፐር እንደ ጻፈው ቶማስ በኋላ ምክንያቱን ሲገልጥ፥ ዳኞቹ ጥፋቱን በፈራጆቹ (በጁሪው) ውሳኔ ላይ መጣል እንደሚቀላቸው ነግሮታል። እኔም ይህን ባነበብሁ ጊዜ ከሽማግሎች መካከል ስንቱ ባሕላችን እንዲህ ነው ብሎ የሚያመልጥ መሆኑን አሰብሁ።

አባቱ ጆን ሞር ዕድሜው ከሰባ ዓመት በላይ ሆኖ በዌስትሚንስተር አዳራሽ በሌላው ማዕዘን በንጉሡ ችሎት ዳኛ ነበረ። ልጁ የመንግሥቱ ሁሉ ዋና ዳኛ ሆኖ ወደ ወምበሩ ሲሄድ፥ አባቱ ተቀምጦ ባገኘው ጊዜ ሁሉ በሕዝብ ፊት ተንበርክኮ ቡራኬ ይቀበል ነበረ።

ስለ መማለጃም የተጻፈ አለ። ክሮከር የምትባል ባል የሞተባት ሴት ከአንድ ጌታ ጋራ ተሟግታ በተፈረደላት ጊዜ፥ በአዲስ ዓመት ቀን የእጅ ጓንት አመጣችለት፤ በጓንቱም ውስጥ 40 ፓውንድ የሚያወጣ ወርቅ አድርጋ ነበረ። እርሱ የሴትን የበዓል ስጦታ መመለስ ነውር ነውና ጓንቱን ተቀበለ፤ ወርቁን ግን መለሰላት። ሌላ ሴት በወርቅ የተለበጠ ጽዋ አመጣች። ይህ ኋላ ከሹመቱ በወረደ ጊዜ ክስ ሆኖ በንጉሡ አማካሪዎች ፊት ቀረበበት። እርሱም ጽዋውን እንደ ተቀበለ ሳይክድ ተናገረ። ጠላቶቹ ደስ ሲላቸው ቀሪውን ነገር ይሰሙ ዘንድ ለመነ፤ ጽዋውን ወይን ጠጅ አስሞልቶ ለሴቲቱ ጤና ከጠጣ በኋላ፥ እርስዋም ከጠጣች በኋላ፥ ለባልዋ የአዲስ ዓመት ስጦታ ይሁን ብሎ በእጅዋ መልሶላት ነበረ። ሴቲቱና ሌሎች ምስክሮችም ይህንኑ መሰከሩ።

ለቤተ ዘመድ ማድላቱንም አላወቀም። የልጁ የሲስሊ ባል ጃይልስ ሄሮን በእርሱ ችሎት ሲሟገት፥ አማቴ ነው ብሎ ተመክቶ በሽማግሎች እርቅ አልጨርስም አለ፤ ቶማስም ነገሩን ሰምቶ በግልጥ ፈረደበት። ሌላው የልጁ ባል ዶንሲ ደግሞ ካርዲናሉ ሹም በነበረ ጊዜ ደጅ ጠባቂዎቹ እንኳ ይበለጽጉ ነበረ፥ እኔ ግን ከአንተ ምንም አላገኘሁም ብሎ በጨዋታ ቢያጕረመርም፥ አባቱና ዲያብሎስ ቢካሰሱ፥ ዲያብሎስም እውነት ቢኖረው፥ ለዲያብሎስ እንደሚፈርድለት ነገረው። አንድ ቀን ነገር ፈጽሞ ሌላ ነገር ይምጣ ባለ ጊዜ የሚቀርብ ሙግት አልቆ ተገኘ፤ ይህንንም በመዝገብ አስጻፈው ይባላል። ዓመታት የሚያድር ሙግት በበዛበት አገር ይህ ተረት የሚመስል ነገር ነው።

እዚህ ላይ ግን ደስ የማያሰኘውን ክፍል ዘልዬ ላልፍ አልፈልግም። ቶማስ የሉተርን ትምህርት እጅግ ይጠላ ነበረ። ዊልያም ቲንዴል አዲስ ኪዳንን ወደ እንግሊዝኛ ተርጕሞ በ1526 ዓ.ም. ባሳተመ ጊዜ ቶማስ ብዙ መጻሕፍት ጽፎ ተከራከረው፤ አጻጻፉም ዘለፋ የበዛበት ነው። እርሱ ቻንስለር በነበረበት ጊዜ ስድስት ሰዎች መናፍቃን ተብለው በእሳት ተቃጥለዋል፤ እርሱም መጽሐፍ ሻጮቹን በማስያዝ ትጉህ ነበረ። በቤቱ አስገረፈ የሚለውን ክስ ራሱ ክዶአል። ሕጉ እርሱ ያወጣው ሕግ አልነበረም፤ የአገሩም ጳጳሳትና መኳንንት እንደ እርሱ ያስቡ ነበረ። ነገር ግን ለሌባው ነፍስ በመጽሐፉ የራራ ሰው ለእነዚህ አልራራም። ድኻና ባለጠጋ በአንድ ሚዛን የሚመዝን እጅ፥ ሃይማኖቱን የሚቃወመው ሰው ሲቀርብበት ሚዛኑ ከበደው። ወዳጆቹ ይህን ሊሸፍኑ ይወዳሉ፤ እኔ ግን ዳኛ የሆነ ሰው ሁሉ ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ቢያነበው ይሻላል እላለሁ።

ከዚህ በኋላ የንጉሡ ነገር መጣ። ሄንሪ 8ኛ ንግሥት ካትሪንን ትቶ አን ቦሊንን ለማግባት ፈለገ። የሮማው ጳጳስ ጋብቻው እንዲፈርስ ስላልፈቀደ ንጉሡ ራሱን የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ራስ አደረገ። ግንቦት 15 ቀን 1532 ዓ.ም. ጳጳሳቱና ካህናቱ ለንጉሡ ተገዙ፤ በማግሥቱ ቶማስ ሞር ማኅተሙን ለንጉሡ መለሰ። በይፋ ምክንያት አልተናገረም፤ ደከመኝ ብቻ አለ። ሚስቱ አሊስ በቤተ ክርስቲያን በምትቀመጥበት ስፍራ ጸሎት ሲያልቅ ከአሽከሮቹ አንዱ መጥቶ ጌታዬ ወጥተዋል ይላት ነበረ። በዚያን ቀን ግን ቶማስ ራሱ ቆቡን አውልቆ በፊትዋ ቆመና ጌትየው መሄዱን አስታወቃት። እርስዋ እንደ ልማዱ ጨዋታ መሰላት፤ ሹመቱ መቅረቱን የተረዳችው ቈይታ ነው።

ሀብት አልሰበሰበም ነበረና ወዲያው ድኽነት ገባ። ልጆቹንና አማቾቹን ሰብስቦ በዓመት ከ100 ፓውንድ ብዙ የማይበልጥ ገቢ እንደ ቀረው ነገራቸው። ኑሮውም በአንድ ጊዜ እንዳይወድቅ በመጀመሪያ እንደ ሊንከንስ ኢን ሰዎች እንብላ፥ ካልተቻለ ወደ ኦክስፎርድ ተማሪ ምግብ እንውረድ፥ እርሱም ካልተቻለ ከረጢት ይዘን የእመቤታችንን መዝሙር እየዘመርን በየደጁ እንለምን ብሎ በጨዋታ አጽናናቸው። አኩፋዳ ተሸክሞ በእንተ ስማ ለማርያም ሲል ያደገ ሰው ይህን ሲያነብ የእንግሊዝ አገር ከቀድሞው ይልቅ ቅርብ ይሆንለታል።

በዚሁ የችግር ዓመት በ1533 ዓ.ም. ቤተ ሰቡ ከአገራችን ጋራ ተገናኘ። ንግሥት እሌኒ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከችው ማቴዎስ በ1514 ዓ.ም. ሊዝበን ደርሶ ስለ ኢትዮጵያ መንግሥትና ሃይማኖት የተናገረውን፥ ዳሚያኖ ደ ጎይስ የሚባል የፖርቱጋል ሊቅ በላቲን ቋንቋ ጽፎ በ1532 ዓ.ም. አሳትሞት ነበረ። ያን መጽሐፍ ወደ እንግሊዝኛ የተረጐመው የቶማስ አንድ ወንድ ልጅ ጆን ሞር ነው፤ ያተመውም የእኅቱ ልጅ ዊልያም ራስቴል ነው። ስለዚህ የእንግሊዝ ሰዎች ስለ ኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን በገዛ ቋንቋቸው ካነበቡት የመጀመሪያ ጽሑፍ አንዱ ከዚህ ከተዋረደ ዳኛ ቤት ወጣ። ልጁ ከእኅቶቹ ይልቅ በትምህርት ደካማ ነው ይባል ነበረ፤ እኛ ግን ባለ ውለታችን ነውና ይህን አንቀበልም።

በሚያዝያ ወር 1534 ዓ.ም. ቶማስ ስለ ዙፋኑ ወራሽ በወጣው ሕግ ይምል ዘንድ ተጠራ። መንግሥቱ ለአን ልጆች እንዲተላለፍ ፓርላማ ሊወስን ይችላልና ይህን ልማል አለ፤ በመሐላው መግቢያ የተጻፈውን ግን አልምልም አለ። ለምን እንደሆነም አልተናገረም። ሌሎቹን የማሉትንም አልነቀፈም። ታወር ወደሚባለው የሎንዶን ግንብ ተወስዶ ታሰረ፤ በዚያም ዐሥራ አራት ወር ከግማሽ ያህል ቈየ። ሚስቱ ለእርሱና ለአሽከሩ ቀለብ በሳምንት 15 ሽልንግ ለመክፈል ልብስዋን ሸጠች። ማርጋሬት ልታስምለው ብዙ ለመነችው። እርስዋ ራስዋ የእግዚአብሔር ሕግ እስከ ፈቀደ ድረስ የሚል ቃል ጨምራ ምላ ነበረና። ከእስሩ ሁሉ ይህ የከበደው ይመስለኛል፤ ጠላት ሲለምን እንቢ ማለት ቀላል ነው።

ዝምታው የፍርሀት ዝምታ አልነበረም፤ የሕግ ዐዋቂ ዝምታ ነው። ሕጉ ንጉሡን የቤተ ክርስቲያን ራስ አይደለም ብሎ በክፋት የተናገረውን ይገድላል እንጂ ዝም ያለውን አይገድልም። እንዲያውም በቀደመው የሕግ ልማድ ዝም ያለ ሰው እንደ ተስማማ ይቈጠራል። ቶማስ በዚህ ጥግ ቆመ። ጊዜውን ለሞት መቸኰል ኩራት መስሎት ነበረና፥ ሕግ የሰጠውን መጠለያ ሁሉ ሳይጠቀምበት አልተወም።

በሐምሌ 1 ቀን 1535 ዓ.ም. ወደ ዌስትሚንስተር አዳራሽ አመጡት። አባቱ የፈረደበት፥ እርሱም የፈረደበት አዳራሽ ነው። በእስር የደከመ ነበረና ወምበር ሰጡት። ከዳኞቹ መካከል የአን ቦሊን አባት፥ ወንድምዋና አጎትዋ ተቀምጠው ነበረ፤ የንጉሡ ጸሐፊ ቶማስ ክሮምዌልም አለበት። ሪቻርድ ሪች የሚባል የንጉሡ ነገረ ፈጅ፥ ከጥቂት ቀን በፊት የእስረኛውን መጻሕፍት ሊወስዱ በሄዱ ጊዜ ቶማስ የንጉሡን ራስነት ሲክድ ሰማሁት ብሎ መሰከረ። ቶማስም ለንጉሡና ለአማካሪዎቹ ያልገለጠውን የልቡን ምስጢር፥ ከልጅነቱ ጀምሮ በምላሱ ቀላልነት ለሚያውቀው ለዚህ ሰው ይገልጠዋልን ብሎ ዳኞቹን ጠየቀ። በዚያ ክፍል የነበሩ ሁለት ሰዎች ተጠሩ፤ መጻሕፍቱን በከረጢት ስንከት ነበርና ነገሩን አላዳመጥንም አሉ። ዐሥራ ሁለቱ ፈራጆች ግን በሩብ ሰዓት ውስጥ ጥፋተኛ ነው ብለው ተመለሱ።

አዲሱ ቻንስለር ኦድሊ ወዲያው ፍርዱን ሊያነብ ጀመረ። ቶማስ ግን አቋረጠውና፥ እርሱ ዳኛ በነበረበት ጊዜ ከፍርድ በፊት እስረኛውን የምትለው አለህን ብሎ መጠየቅ ልማድ እንደ ነበረ አስታወሰው። ኦድሊም ዝም አለና ፈቀደለት። የመጨረሻ ሥራው ለዳኛው ሥርዐት ማስተማር ሆነ። ከዚህ በኋላ መጠለያው ፈርሶአልና ልቡን ገለጠ፤ አንድ አገር ብቻውን የክርስቲያንን ሁሉ ሕግ ሊሽር እንደማይችል ተናገረ። ስለ ሮማው ጳጳስ ሥልጣን የእኛ ቤተ ክርስቲያን እንደ እርሱ አታምንም፤ ይህ የታወቀ ነው። በኅሊናው ያላመነበትን መማል አለመቻሉን ግን ማንም ክርስቲያን ይረዳዋል። በፍጻሜውም ቅዱስ ጳውሎስ በእስጢፋኖስ መወገር ተስማምቶ ሳለ አሁን ሁለቱ በሰማይ ወዳጆች እንደ ሆኑ አንሥቶ፥ ከፈረዱበት ዳኞች ጋራ እንዲሁ ይገናኙ ዘንድ እንደሚጸልይ ነገራቸው።

ወደ ግንቡ ሲመልሱት ማርጋሬት በወታደሮቹ መካከል ጥሳ ገብታ አንገቱን አቀፈችው፤ ከሄደችም በኋላ ተመልሳ ደገመች። ሰኔ 22 ቀን ጳጳሱ ጆን ፊሸር በዚሁ ነገር ተሠይፎ ነበረ፤ ቶማስም ሐምሌ 6 ቀን 1535 ዓ.ም. በታወር ሂል ተሠየፈ። ንጉሡ ብዙ እንዳይናገር አዝዞት ነበረና በጥቂት ቃል የንጉሡ ታማኝ አገልጋይ፥ ከሁሉ አስቀድሞ ግን የእግዚአብሔር አገልጋይ ሆኖ እንደሚሞት ተናገረ።

ክሮምዌል ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ስፍራ አንገቱን ሰጠ። ሪች ግን በ1547 ዓ.ም. ሎርድ ቻንስለር ሆኖ ያንን ማኅተም ያዘ፤ የዚህ ዓለም ሹመት እንዲህ ነው። የሮማ ቤተ ክርስቲያን በ1935 ዓ.ም. ቶማስን ከቅዱሳን ቈጠረችው፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ የመንግሥት ሰዎች ጠባቂ ብላ ሰየመችው። የፈረደችበት አገር ቤተ ክርስቲያንም ከፊሸር ጋራ በሐምሌ 6 ቀን በመዝገብዋ ታስበዋለች።

ራሱ በሎንዶን ድልድይ ላይ በእንጨት ተሰክቶ ሰነበተ። ወደ ወንዙ ሊጥሉት በተቃረቡ ጊዜ ማርጋሬት አስወርዳ ወሰደችው፤ ስለዚህም በአማካሪዎቹ ፊት ቀርባ ተጠየቀች፤ ነገር ግን አልሰጠችም። እርስዋ በ1544 ዓ.ም. ሞተች። ያ ራስ ዛሬ በካንተርበሪ ከተማ በቅዱስ ደንስታን ቤተ ክርስቲያን፥ ከወለሉ በታች በሮፐር ቤተ ሰብ የመቃብር ክፍል ውስጥ ይገኛል።